የበጋ መባቻ በረዶና የስሜን ተራሮች በር

ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ግራሩን ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቆላ፣ በሁርሶ ተወልዶ ያደገ ሰው በረዶን የሚያውቀው ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ብርጭቆ ውስጥ ሲንሳፈፍ ነውና፣ በገዛ አገሩ ውሃ ሌሊቱን እንደ ድንጋይ ጠጥሮ በገደል ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድርበት ስፍራ አለ ቢሉት ለማመን ቢዘገይ አይፈረድበትም። ነገር ግን ነገሩ የባዕድ ምድር ተአምር ሳይሆን የከፍታ ሥርዓት ነው። አየር ሽቅብ በወጣ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛልና፣ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በሁርሶ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት፣ 4,550 ሜትር በሚደርሰው በራስ ዳሸን አናት ላይ የሚጠበቀው 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ጥቂት ሙቀት ቢሆን ፀሐይ እንደ ጠለቀች ይሟጠጣል።

የስሜን በረዶ በጽሑፍ ከተመሰከረለት ከ1,400 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኮስማስ የተባለው ተጓዥ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአዱሊስ ወደብ ከእብነ በረድ ዙፋን ላይ የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ ጽሕፈት፣ ንጉሡ ወንዝ ተሻግሮ በዘመተበት በስሜን ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለ ይናገራል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሱሳዊው ካህን ጄሮኒሞ ሎቦ ይህንኑ ሲያጸና፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ግን በረዶ አላየሁም ብሎ ነገሩን አጠራጣሪ አደረገው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሌላው ተጓዥ ሄንሪ ሳልት በረዶውን በዐይኑ አይቶ፣ ብሩስ ከተራራው ግርጌ ከፍ ብሎ እንዳልወጣ እስኪያስረዳ ድረስም ክርክሩ ቆየ። በዚህ ተራራ ዘንድ የምስክር ቃል የሚመዘነው፣ ምስክሩ በየትኛው ከፍታና በየትኛው ሰዓት እንደ ቆመ ታውቆ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ክረምትን ፈጽማ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ዘመነ ጽጌን በምታከብርበት ወራት፣ በከፍታው ላይ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ፤ መሬቱ የክረምቱን ውኃ ገና በሆዱ ይዟል፣ ሰማዩ ደግሞ ከደመና ጠርቷል። ደመና በሌለበት ሌሊት ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለችና፣ ከአለት ስንጥቅ የሚንጠባጠበው ምንጭ ሁሉ ሳይነጋ ይረጋል። ነገር ግን ስሜን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ13ኛው ዲግሪ ላይ ያለ በመሆኑ፣ በአውሮፓ በወራት የሚፈራረቁት ሙቀትና ብርድ በዚህ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈራረቃሉ። ስለዚህ በስሜን በረዶ ላይ እግሩን ሊያኖር የሚሻ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው ወርን ሳይሆን ሰዓትን መቁጠር ነው።

በስሜን ከጨነቅ የተጓዦች ሰፈር ወደ ቧሂት ተራራ በሚያወጣው ዳገት ማልዶ የተነሣ ሰው ይህንን በቅርብ ያየዋል። የጓሳ ሣሩ ጫፍ በውርጭ ነጥቷል፤ ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ አለት ላይ የሚወርደው ፍሳሽም እንደ መስተዋት ተለብጧል። ጠጋ ብለው ሲመለከቱት ግን ከልባጡ በታች የውሃ አረፋ እየተንሸራተተ ሲወርድ ይታያል፤ በጣት አንጓ ሲያንኳኩትም የባዶ ቤት ድምፅ ይሰጣል። የመባቻው በረዶ ላይ ላዩ በስሎ ልቡ ሊጥ እንደ ሆነ ድፎ ዳቦ ነውና፣ ከአለቱ ጋር ገና በጽኑ አልተጣበቀም። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከሚያድሩበት ገደል ወጥተው ፀሐይ በሚሞቁበት ሰዓት ጠብታው ይፈጥናል፤ ወደ 3 ሰዓት ሲጠጋ ልባጡ እየተሰነጠቀ ይወርዳል፤ በረዶው አጣብቆ የያዘው ልቅ ድንጋይም ይከተለዋል። ፀሐይ ከጥቅምት ጀምሮ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ሰሜን የሚመለከተው የገደሉ ፊት በጥላ ይቆያል፤ በረዶም ከሌላው ይልቅ የሚዘገየው በዚያ ነው።

ይህ የጥላ ሕግ በጎረቤታችን በኬንያ ተራራ እጅግ ጎልቶ ይታያል። 5,199 ሜትር ከፍታ ባለው በዚያ ተራራ፣ ዳይመንድ ኩሉዋር የተባለውን የበረዶ ቦይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ኬንያዊው ቱምቢ ማቴንጌና ፊል ስናይደር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጡት የወጡት በደቡቡ ፊት፣ ፀሐይ በሰሜን ስትዞርባቸው ከነበሩት ወራት በኋላ ነበር። ዛሬ ያ በረዶ መንምኗል፤ ካናዳዊው የበረዶ ወጪ ዊል ጋድም እ.ኤ.አ. በ2014 በኪሊማንጃሮ የወጣውን በረዶ በ2020 ተመልሶ ቢፈልገው አብዛኛውን አጥቶታል። በስሜንም በጥንቱ የበረዶ ዘመን የግግር በረዶ እንደ ነበረ የተዋቸው የድንጋይ ክምሮች ይመሰክራሉ፤ አሁን ያለው ግን የሌሊት በረዶ ብቻ ስለ ሆነ፣ የበረዶ መጥረቢያና ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት ይዞ ግድግዳ ለመውጣት የሚበቃ ውፍረት ይገኝበታል ብሎ መታመን አይገባም።

ወደ ስሜን የሚያደርሰው መንገድ ከጎንደር ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ደባርቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ ከ1996 እስከ 2017 ድረስም አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ የቆየው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤቱ በዚያ ነው፤ ተጓዡም የመግቢያውን ከፍሎ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ተመድቦለት ይነሣል። ከማደሪያ ሰፈሮቹ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ናቸውና፣ ከቆላ የመጣ ሰው በየሰፈሩ እያደረ ሰውነቱን ያለማምድ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታውን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር አብልጦ አይጨምር፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢጸናበትም ይውረድ እንጂ አይውጣ። ክረምቱ እንደ ወጣ ጭቃና ናዳ መንገዱን ሊዘጉት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት፣ በኋላም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት አካባቢው ስለ ታወከ፣ የሰላሙን ሁኔታ ከአገሬው ሰው ሳይጠይቁ መነሣት ከድፍረት አልፎ በደል ነው፤ መከራው ቢመጣ ለስካውቱም ይተርፋልና።

አገራችን ይህን ጠይቆ የመውጣት ጨዋነት ከጥንት ታውቀዋለች። አቡነ አረጋዊ በመሠረቱት በደብረ ዳሞ፣ ምእመኑ ገደሉን በጠፍር ተስቦ የሚወጣው ከላይ ያሉት መነኮሳት ጠፍሩን ሲያወርዱለት ነው፤ ጕልበት ስላለው ብቻ የሚወጣ የለም። ወደ ስሜን የሚወጣም እንዲሁ ፈቃድን ከሰው፣ ሰዓትን ከፀሐይ ይቀበል፤ በመባቻው ወራት በረዶውን ለመመልከትና ጠባዩን ለማጥናት እንጂ ለመውጣት አይቸኩል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ ከገደል ሥርና ከቦይ ይራቅ፤ በረዶው ባዶ ድምፅ በሰጠውም ጊዜ መመለስን እንደ ሽንፈት ሳይሆን ካገኘው ዕውቀት ሁሉ እንደሚበልጠው ይቁጠረው።