ፌልትና ጥብጣብ በሕፃናት የበዓል እጅ ሥራ

ፌልት ድርና ማግ የሌለው ጨርቅ ነው። ነጠላም ሆነ ጋቢ፣ ጂንስም ሆነ ሐር፣ ማንኛውም የተሸመነ ጨርቅ የሚገኘው በቁመት የተዘረጉት ድሮችና እነርሱን እያቋረጡ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱት ማጎች ሲያያዙ ሲሆን፣ ፌልት ግን ያልተፈተለ ፀጉር እርስ በርሱ ተቆላልፎና ተጠቅጥቆ የሚፈጥረው ወፈር ያለ ንጣፍ ነው። መቀስ ሲያርፍበት የሚፈታ ክር ስለሌለው ጠርዙ አይተረተርም፤ በማንኛውም አቅጣጫ ቢቆረጥ፣ መስመሩ ቢወላገድ እንኳ፣ የተቆረጠው ቅርጽ እንደተቆረጠ ይቆያል። ጥብጣብ ወይም በተለምዶ ሪባን የሚባለው በአንጻሩ ጠባብ ሆኖ የተሸመነ ጨርቅ ሲሆን፣ ማጉ ዳር በደረሰ ቁጥር ተጠምዝዞ ስለሚመለስ ሁለቱም ጎኖቹ ገና ከመሸመኛው ሲወርዱ ያለቀላቸው ናቸው፤ የሚተረተረው የተቆረጠው ጫፉ ብቻ ነው። ሁለቱ በሕፃናት የበዓል እጅ ሥራ ውስጥ አብረው የሚገኙት ቀለማቸው ስለሚያምር ብቻ ሳይሆን አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን ነው። ፌልት ቅርጹን አጽንቶ ይይዛል፤ ነገር ግን በቁመቱ የሚያጠነክረው ክር ስለሌለ በጠባቡ ተቆርጦ ቢጎተት ይለጠጣል፣ ቀጥሎም ይበጠሳል። ጥብጣብ ብቻውን መቆም ባይችልም መጎተትን፣ መቋጠርንና መንጠልጠልን ይችላል። ይህን ልዩነት የተረዳ ወላጅ ወይም መምህር የትኛው ክፍል ከየትኛው መሠራት እንዳለበት ሌላ መመሪያ ብዙም አያስፈልገውም።

እውነተኛው ፌልት ከበግ ፀጉር ይሠራል። እያንዳንዱ የሱፍ ፀጉር በዓይን በማይታዩ፣ አንዱ በሌላው ላይ በተደራረቡና ወደ ፀጉሩ ጫፍ ባቀኑ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ሱፉ በሞቀ የሳሙና ውኃ ርሶ ሲታሽ ፀጉሮቹ ወደ ሥራቸው አቅጣጫ እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ፤ ወደኋላ እንዳይመለሱ ግን ቅርፊቶቹ ይይዟቸዋል፤ ስለዚህ በታሹ ቁጥር ይበልጥ ይቆላለፋሉ፣ ንጣፉም እየጠበበና እየጠነከረ ይሄዳል። የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውኃ ታጥቦ የሚኮማተረው በዚሁ ምክንያት ነው። በጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በርካሽ የሚገኘው ባለ ብዙ ቀለም ፌልት በአብዛኛው ከአክሪሊክ ወይም ከፖሊየስተር የተሠራ ሲሆን፣ እነዚህ ሰው ሠራሽ ቃጫዎች ቅርፊት ስለሌላቸው ሳሙናና ውኃ አያያይዟቸውም፤ በምትኩ ጎናቸው ላይ ጥቃቅን መንጠቆ ያላቸው ብዙ መርፌዎች ንጣፉን ደጋግመው እየወጉ ቃጫውን ያጠላልፉታል። ለልጆች ሥራ ሁለቱም ያገለግላሉ፤ ሰው ሠራሹ ግን ትኩስ ካውያ ሲነካው ስለሚቀልጥ፣ የሱፉ ደግሞ በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ስለሚኮማተር የትኛው እንደተገዛ ማወቅ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ በመንዝ የበግ ፀጉር ተፈትሎና ተሸምኖ ባናና በርኖስ ይሠራበታል፤ ፌልት ግን ከዚሁ ፀጉር ተነሥቶ መፍተልንና መሸመንን ሁለቱንም የሚዘል ሌላ መንገድ ነው።

ይህ መንገድ እጅግ ጥንታዊ ነው። የሶቪየት ኅብረቱ አርኪዮሎጂስት ሰርጌይ ሩደንኮ በአልታይ ተራሮች ፓዚሪክ በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1929፣ ኋላም ከ1947 እስከ 1949 የቆፈራቸው መቃብሮች ከ2,200 ዓመታት በላይ በበረዶ ውስጥ ተጠብቀው የቆዩ የፌልት ግድግዳ ልብሶችን፣ የኮርቻ ልባሶችንና ውስጣቸው ታጭቆ የተሰፉ የዳክዬ ወገን ወፎችን አስገኝተዋል፤ እነዚህም ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው ኤርሚታዥ ቤተ መዘክር ይታያሉ። ቆርጦ፣ ሰፍቶና አጭቆ የእንስሳ ምስል ማውጣት እንግዲህ ትናንት የተፈጠረ የልጆች ጨዋታ አይደለም። የኪርጊዝ ሴቶች ሺርዳክ የተባለውን ምንጣፍ ሲሠሩ ደግሞ ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸውን ፌልቶች ደራርበው በአንድ ጊዜ ይቆርጡና፣ ከአንዱ የወጣውን ቅርጽ በሌላው ክፍተት ውስጥ እያስገቡ ይሰፉታል፤ በዚህ ዘዴ የሚባክን ጨርቅ የለም ማለት ይቻላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህ ጥበብ ለሕፃናት ሳይለወጥ ሊሰጥ የሚችል ነው፤ ከቀይና ከነጭ ፌልት መካከል አንዳንድ ኮከብ ቆርጦ ማውጣትና ማለዋወጥ ሁለት የበዓል ካርዶችን ያስገኛል።

ፌልት ከልጆች መጫወቻ ጋር ስሙ የተሳሰረው ግን በጀርመኗ ጊንገን ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 የተወለደችው ማርጋሬቴ ሽታይፍ በሕፃንነቷ በፖሊዮ ተይዛ እግሮቿ ከመሥራት ቢሰናከሉና ቀኝ እጇም ቢደክም፣ ስፌት ተምራ የፌልት ልብስ መሸጫ ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ1880 የመርፌ መሰኪያ እንዲሆን ብላ ከፌልት ትንሽ ዝሆን ሰፋች፤ ልጆች ግን መርፌውን ትተው ዝሆኑን መጫወቻ አደረጉት፤ በኋላ በስሟ የሚጠራው የአሻንጉሊት ፋብሪካ መነሻም ይህ ሆነ። ልጆቹ የመረጡበት ምክንያት ከቁሱ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው፤ ፌልት ሲጨመቅ ይመለሳል፣ አይቧጭርም፣ ቢወድቅም አይሰበርም።

የእጅ ሥራ ለትንንሽ ልጆች የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ሳይሆን የትምህርት አካል መሆን አለበት የሚለውን ሐሳብ በሥርዓት ያደራጀው ፍሬድሪክ ፍሮቤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ የሕፃናት ማስተማሪያውን ከፍቶ በ1840 ኪንደርጋርተን ብሎ የሰየመው ይህ ጀርመናዊ፣ ወረቀት ማጠፍን፣ የወረቀት ስትሪፖችን እርስ በርስ መሸመንንና በተበሳ ካርድ ላይ መስፋትን ከዕለቱ ተግባራት መካከል አስገባ። ሕፃኑ ቁጥርን፣ ቅርጽንና ሥርዓትን ከመስማቱ በፊት በጣቶቹ ያገኛቸዋል የሚል እምነት ነበረው፤ የበዓል እጅ ሥራም ዋጋው መመዘን ያለበት በዚሁ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የዴንማርክ የገና ልብ ነው። የዴንማርክ ቤተሰቦች ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ሁለት ቀለም ያላቸውን ወረቀቶች በልብ ቅርጽ እየሸመኑ ትንንሽ ቅርጫቶች ይሠራሉ፤ በውስጣቸውም ጣፋጭና ለውዝ ጨምረው በገና ዛፍ ላይ ይሰቅሏቸዋል። እስከ ዛሬ ከሚታወቁት ሁሉ የሚቀድመው ልብ በተረት ጸሐፊው በሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን እጅ እ.ኤ.አ. በ1860 የተሠራው ነው፤ አንደርሰን በመቀስ ወረቀት እየቆረጠ ምስል በማውጣትም የታወቀ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ልቡ በአገሪቱ ሁሉ ተስፋፋ፤ ከወረቀት ወደ ፌልት የተሸጋገረውም ለትንሽ እጅ ስለሚመች ነው፤ ወረቀት በትንሽ ስሕተት ይቀደዳል፣ ፌልት ግን ደጋግሞ መፍታትንና እንደገና መሸመንን ይችላል።

አሠራሩ ከቀይና ከነጭ ፌልት እያንዳንዳቸው 26 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን ሁለት ቁራጮች በማዘጋጀት ይጀምራል። እያንዳንዱ ቁራጭ በርዝመቱ እኩል ሲታጠፍ 13 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ክፍት የሆነው ጫፍ በግማሽ ክብ ተቆርጦ ይድበለበላል፤ ከታጠፈው ጎን ተነሥቶም 9 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ በሚገቡ ሁለት ቀጥ ያሉ ቁርጦች ሦስት እኩል ስትሪፖች ይወጣሉ። ቁርጡ ከስፋቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው ፌልት ውፍረት ስላለው ነው፤ እኩል ቢሆን የመጨረሻው መስመር አይገባም። ቀጥሎ ሁለቱ ቁራጮች የታጠፈ ጎናቸው ተገናኝቶ በማዕዘን ይያዙና፣ የቀዩ የመጀመሪያ ስትሪፕ በነጩ የመጀመሪያ ስትሪፕ ውስጥ ያልፋል፣ ሁለተኛውን ከውጭ ያቅፋል፣ በሦስተኛው ውስጥ እንደገና ያልፋል፤ ተከታዩ ስትሪፕ ተራውን ገልብጦ ይሄዳል። ቁልፉ በላይና በታች ማለፍ ሳይሆን በውስጥ ማለፍና ከውጭ ማቀፍ መሆኑ ነው፤ ልቡ ሲያልቅ እንደ ቦርሳ የሚከፈተውም ስለዚህ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ አንድ ጊዜ ከታየው በኋላ ይችለዋል፤ ሲሠራም ድርና ማግ የሌለውን ጨርቅ እንደ ድርና ማግ እየሸመነ ስለሆነ ሽመና ምን እንደሆነ ያለ ገለጻ ይገባዋል። መያዣው ግን ከፌልት መሆን የለበትም፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋትና 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጥብጣብ በሁለቱ ጎኖች ውስጥ ሲሰፋ ክብደቱን ይሸከማል።

በሌሎች ወቅቶችም ተመሳሳይ ልማዶች አሉ። በቡልጋሪያ፣ በሩማንያ፣ በሞልዶቫና በሰሜን መቄዶንያ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን ሰዎች የፀደይን መግባት ለማክበር ቀይና ነጭ ክር አጣምረው ያስራሉ፤ በቡልጋሪያ ሽመላ ወይም ያበበ ዛፍ ሲታይ ተፈትቶ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይታሰራል። መቋጠር ለሚለማመድ ሕፃን ጠባብ ጥብጣብ ከክር ይልቅ ይመቻል።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሚቀርበው ወቅት እንቁጣጣሽ ነው። መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አበባና ለምለም ሣር ይዘው አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ ወንዶቹ ልጆች በእጃቸው የሳሉትን ሥዕል ለጎረቤትና ለዘመድ ይሰጣሉ፤ በልጅ እጅ የተሠራ የበዓል ስጦታ ስለዚህ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። አደይ አበባ የሚያብበው ክረምቱ በሚወጣበት አጭር ወቅት ስለሆነ፣ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በቴል አቪቭ የሚያድግ ልጅ በዕለቱ ደጁ ላይ ሊያገኘው አይችልም፤ በፌልት የተሠራው አደይ ለእነዚህ ልጆች ይበልጥ ትርጉም ይኖረዋል። ከቢጫ ፌልት 8 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ክብ ይቆረጣል፤ ከዳር ወደ መሐል 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚገቡ ስምንት ቁርጦች ተደርገው የእያንዳንዱ ቅጠል ጫፍ ይሾላል። መሐሉ ሳይነካ ስለሚቀር አበባው አይበታተንም። እያንዳንዱ ቅጠል ከሥሩ በጣት ቆንጠጥ ተደርጎ በአንድ ስፌት ሲያዝ ጠፍጣፋው ክብ ወደ ላይ ይነሣል፤ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብርቱካናማ ክብ በመሐሉ ይለጠፋል፤ በቀጭን እንጨት ላይ የተጠመጠመ አረንጓዴ ጥብጣብም ግንዱ ይሆናል። ጥብጣቡ በጥቂቱ ገደድ ብሎ እየተደራረበ ከተጠመጠመ መጨረሻው ላይ ብቻ ኮላ ይበቃዋል።

የሥራ ክፍፍሉ በዕድሜ ይወሰናል። ሦስት ዓመት ገደማ የሆነ ሕፃን ዳር ዳሩን ይቀነጥባል እንጂ መስመር አይከተልም፤ ለእርሱ የሚሰጠው ሥራ ዘርፍ መቁረጥና መለጠፍ ነው። ቀጥታ መስመር በአራት፣ ክብ ደግሞ በአምስትና በስድስት ዓመት ገደማ ይመጣል። መርፌ ሲጀመር ጫፉ የደነዘ፣ ዓይኑ ሰፊ የሆነ ይመረጣል፤ ፌልቱ ወፍራም ከሆነ ቀዳዳውን ትልቅ ሰው አስቀድሞ ይበሳል። የፖሊየስተር ጥብጣብ ጫፍ እንዳይተረተር በሻማ ነበልባል አጠገብ ለቅጽበት ማሳለፍ ቃጫውን አቅልጦ ያሽገዋል፤ የጥጥ ጥብጣብ ግን ስለሚነድ በእሳት ፈንታ ኮላ ይቀባል። ጫፍን በእሳት ማሸግና ትኩስ ሙጫ የትልቅ ሰው ድርሻ ናቸው። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባለበት ቤት ቁልፍና ዶቃ በሥራው ላይ መጨመር አይገባም፤ ረጅም ጥብጣብም አንገት ላይ መታሰር ወይም በሕፃን አልጋ ላይ መሰቀል የለበትም፤ መታፈንን ያስከትላል።

ቅርጹ አስቀድሞ በፋብሪካ ተቆርጦ ለማጣበቅ ብቻ የሚሸጠው ጥቅል ውጤቱ የተስተካከለ ቢሆንም የሥራውን ዋና ክፍል ከልጁ ይነጥቃል፤ ፍሮቤል በጣት እንዲገኝ የፈለገው ነገር ያለው በመቁረጡና በመለካቱ ውስጥ ነውና። ቅጠሉ ጠማማ ቢሆንም ልጁ ራሱ የቆረጠው አደይ ይበልጣል። አንድ ኤ4 መጠን ያለው ቢጫ ፌልት ስድስት አበባ ያወጣል፤ ስለዚህ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንና ወላጆች ሥራውን ለበዓሉ ዋዜማ ሳያቆዩ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቢጀምሩት፣ የመጀመሪያዎቹ አበቦች ለልምምድ ሆነው ሌሎቹ መስከረም 1 ቀን ለስጦታ ይደርሳሉ።