ለለንደን ቡድን አሠልጣኝ የሾምንበት እሑድ

ሰው የሌለውን ሥልጣን ይዞ ሲሾምና ሲሽር ለማየት የሚፈልግ አንባቢ ቢኖር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአራት ኪሎ አካባቢ ካሉት የኳስ ማሳያ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይበል ብለን እንመክረዋለን። በዚያ ቤት የመግቢያውን ዋጋ ከፍሎ ከአግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ዳኛ ነው፤ አሠልጣኝ ነው፤ የቡድኑም ባለቤት ነው። ተማሪው ፈተናውን፣ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ፋይሉን ረስቶ፣ ከቴሌቪዥን በቀር በዓይኑ አይቶት ስለማያውቀው አንድ የለንደን ቡድን ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ይከራከራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ተረት ለኛ የተተረተ ይመስለናል።

«ለኛ» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም ከነዚሁ ሹመት ሰጪዎች መካከል ነበርንና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 20 ቀን 2018 ዓርብ ዕለት፣ አርሰናልን 22 ዓመት ሙሉ ያሠለጠነው ፈረንሳዊው አርሴን ቬንገር በውድድሩ ዘመን መጨረሻ እንደሚሰናበት አስታወቀ። በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ፣ አርሰናል ከዌስት ሃም ጋር ተጋጥሞ 4 ለ 1 አሸነፈ። እኛ ግን፣ እውነቱን እንናገርና፣ ጨዋታውን በቅጡ አላየነውም። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ሆኖም የሁሉም ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ በቬንገር ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ?

ወዲያው ቤቱ በሦስት ወገን ተከፈለ። የመጀመሪያው የዋንጫ ወገን ነው። እነዚህ «ዋንጫ ያላነሣ ሰው ዋንጫ ማንሣት ሊያስተምረን አይችልም» በማለት የጁቬንቱሱን አሌግሪን ወይም በ2015 ከባርሴሎና ጋር ሦስት ታላላቅ ዋንጫዎችን የወሰደውን ሉዊስ ኤንሪኬን ጠሩ። ሁለተኛው የቤት ልጅ ወገን ነው። እነርሱ ደግሞ «የቤቱን አመል የሚያውቅ የቤቱ ልጅ ነው» ብለው ቪየራን፣ ኦንሪን፣ በዚያን ጊዜ በማንቸስተር ሲቲ የጓርዲዮላ ረዳት የነበረውን የቀድሞ አምበላችንን አርቴታን አነሡ። ሦስተኛው ወገን ቁጥሩ አነስተኛ ነበር፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብሎ ለቬንገር ያለቀሰው ነው።

እኛ የዋንጫው ወገን ነበርን። ጠረጴዛውንም ከደበደቡት አንዱ እኛው ነን።

ከበሩ አጠገብ ሁልጊዜ የሚቀመጡ፣ ጋሼ የምንላቸው አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ያን ዕለት ክርክሩን ከዳር ሆነው ሲሰሙ ቆይተው፣ «ልጆቼ፣ ሰፊውን መረጣችሁ። ጨርቁንስ ማን ይሰጠዋል? ልብሱ እስኪያልቅስ ስንት ቀን ትታገሡታላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ኳሱን ከስፌት ጋር አደባለቁት» አልናቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ዘመን መለስ ብለን ስንመረምር፣ በዚያ ቤት ውስጥ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁት ጋሼ ብቻ እንደ ነበሩ ተረዳን።

አስቀድመን ራሱን ቬንገርን እንመልከት። በ1996 ወደ ለንደን ሲመጣ ያሠለጥን የነበረው በጃፓን አገር ነው። ቀደም ሲል በ1988 ሞናኮን የፈረንሳይ ሻምፒዮን አድርጎት ነበር፤ ነገር ግን በእንግሊዝ አገር የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። የለንደን ጋዜጣ ሳይቀር ይህ ሰው ማን ነው ብሎ በርእሱ ጠይቋል። በዚያን ጊዜ የደጋፊ ድምፅ ተሰብስቦ ቢሆን ኖሮ አንድ መቶ ድምፅ ማግኘቱን እንጠራጠራለን። ክለቡ ግን ሥልጣን ሰጠው፤ የተጫዋቾቹን ምግብና ልምምድ እንዲለውጥ ፈቀደለት። በ1998 ሊጉንና የኤፍ ኤ ዋንጫን በአንድነት ወሰደ። በ2003 እና 2004 የውድድር ዘመን ደግሞ 38 የሊግ ጨዋታ ተጫውቶ 26 አሸንፎ፣ 12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ጨረሰ።

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎችም በዚህ እንዳይስቁብን የእነርሱን ታሪክ እናስታውሳቸው። አሌክስ ፈርጉሰን በ1986 ተሹሞ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘው በ1990 ነው። በዚያ መካከል፣ በ1989 መጨረሻ፣ ከራሱ ደጋፊዎች ወገን ይሰናበት የሚል ጽሑፍ በጨርቅ ላይ ተጽፎ በስታዲየሙ ታይቷል። ክለቡ ስላልሰማ 13 የሊግ ዋንጫ አገኘ። በ2013 ፈርጉሰን ሲሰናበት ግን ወራሹን ዴቪድ ሞይስን ራሱ መረጠ፤ ክለቡም የስድስት ዓመት ውል አስፈረመው። ሞይስ አሥር ወር ያህል ብቻ ቆይቶ በኤፕሪል 2014 ተሰናበተ። እንግዲህ በወረቀት ላይ ስድስት ዓመት የሚል ውል በልብ ውስጥ አንድ ዓመት እንኳ ካልሆነ፣ ማን ተመረጠ ብሎ መከራከር ምን ይረባል?

ወደ አርሰናል እንመለስ። ሜይ 23 ቀን 2018 የተሾመው ከኛ ቤት አንድም ሰው ስሙን ያላነሣው ስፔናዊው ኡናይ ኤምሪ ነው። በሴቪያ ሳለ የዩሮፓ ሊግን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያነሣ ሰው ስለ ነበረ፣ የዋንጫ ወገን የሆንነው እኛ ወዲያው «ይህማ የኛ ነው» አልን። በመጀመሪያው ዓመት በሊጉ አምስተኛ ወጣ፤ በባኩ ከተማ በተደረገው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜም በቼልሲ 4 ለ 1 ተሸነፈ። በኖቬምበር 2019 ተሰናበተ፤ እኛም አጨበጨብን።

ታዲያ ያ «አይረባም» ያልነው ሰው ወዴት ሄደ? ቪያሪያል ወደሚባለው የስፔን ክለብ ሄዶ በ2021 ማንቸስተር ዩናይትድን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ ዩሮፓ ሊግን ወሰደ። ቀጥሎም አስቶን ቪላን ይዞ በ2024 አራተኛ በመውጣት ወደ ሻምፒዮንስ ሊግ አስገባው። ሰውየው ያው ነው፤ እጁም ያው እጅ ነው። የተለወጠው የተሰጠው ጨርቅና የተሰጠው ጊዜ ነው።

አሁን የራሳችንን ኃጢአት እንናዘዝ። ኤምሪን የተካው አርቴታ በ2020 የኤፍ ኤ ዋንጫን ካነሣ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ቡድኑ እስከ 15ኛ ደረጃ ወረደ። በዚያ ወራት እኛ በኳስ ቤቱ ውስጥ ተነሥተን «ይህ ልጅ ገና ረዳት ነው፤ ዛሬውኑ ይሰናበት» ብለን የተናገርነውን ንግግር ጓደኞቻችን እስከ ዛሬ እየደገሙ ይስቁብናል። አርቴታ በዚያ ዓመትም ሆነ ከዚያ በፊት በነበረው ስምንተኛ ነበር የጨረሰው። ክለቡ ግን ታገሠው፤ ወጣት ተጫዋቾችንም ገዛለት። በ2022 አምስተኛ፣ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በተከታታይ ሁለተኛ ወጣ። የኛ ድምፅ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታየም ነበር።

ይህን ስንል አሠልጣኝ ሁሉ እስኪያረጅ ይቀመጥ ማለታችን አይደለም። ትዕግሥት ዕቅድ ከሌለው እንቅልፍ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ ኦሌ ጉናር ሶልሻየር የተባለውን የቤት ልጅ ሦስት ዓመት ያህል ጠብቆ አንድም ዋንጫ ሳያገኝ በ2021 አሰናብቶታል። ስለዚህ ቁም ነገሩ መታገሡ ብቻ ሳይሆን፣ የምንታገሠው ለየትኛው ሥራ እንደ ሆነና ሥራው መንቀሳቀሱን በምን እንደምናውቅ አስቀድሞ መወሰኑ ነው። አርቴታ 15ኛ ሳለ ክለቡ ይመለከት የነበረው ደረጃውን ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደኛው ይፈርድ ነበር።

ይህ ጉዳይ የለንደን ብቻ ሆኖ ቢቀር የእሑድ ጨዋታ ነው ብለን ባለፍነው። ነገር ግን እኛው አገር ውስጥም ያው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተ ክለብ ነው፤ ከመካከላችን የአርሰናልን ረዳት አሠልጣኞች በስም የሚቆጥር፣ የአገሩን ክለብ ዋና አሠልጣኝ ግን የማያውቅ ወጣት ጥቂት አይደለም። ስለ ብሔራዊ ቡድናችን ስንከራከርም ጥያቄያችን ዘወትር አንድ ነው፤ ፈረንጅ ይሁን ወይስ የአገር ልጅ? አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድናችንን ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 ወደ አፍሪካ ዋንጫ አበቃው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር እስከ መጨረሻው ግጥሚያ አደረሰው። በ2014 መጀመሪያ ተሰናበተ። በቦታው የፖርቱጋሉ ማሪያኖ ባሬቶ መጣ፤ እርሱም አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ሄደ። የአገር ልጁም ፈረንጁም ሄዱ፤ ክርክራችን ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። ለማሠልጠኛ ምን ሜዳ አለ፣ ታዳጊው ከየት ይመጣል፣ ሥራው በስንት ዓመት ይመዘናል ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን ስንቱ ነው?

ውድ አንባቢ ሆይ፣ አንተ ዛሬ ተማሪ ብትሆን ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት ትቀጠራለህ። ተቀጥረህም ከሆነ፣ አለቃህ የተዛወረ ዕለት በየኮሪደሩ የሚንሾካሾከውን ታውቀዋለህ። ማን ይመጣል? የእገሌ ወዳጅ ነው? ምን ዲግሪ አለው? አዲሱ ሹም በመጣ በሦስተኛው ወር ደግሞ «ያለፈው ይሻል ነበር» ይባላል። ጠረጴዛው የተሰበረ፣ በጀቱ የተቆረጠ፣ ሠራተኛው ያኮረፈ መሆኑን ግን ሹሙ ከመምጣቱ በፊትም ሆነ ከመጣ በኋላ የሚያነሣው የለም። በኳስ ቤት የለመድነው ፍርድ ቢሮ ድረስ ተከትሎን ይመጣል።

ባለፈው እሑድ ወደዚያው ቤት ሄደን ነበር። ጋሼ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ የአንድ ሌላ ክለብ ደጋፊ፣ አሠልጣኙን በቃል ሽሮ የሚተካውን ስም እየጠራ ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር። ድምፁ የራሳችን የድሮው ድምፅ መስሎን ደነገጥን። ተጠጋነውና፣ «ወንድም፣ ለሚመጣውስ ምን ትሰጠዋለህ? ስንት ጊዜስ ትጠብቀዋለህ?» ብለን ጠየቅነው። ልጁ ግራ ገብቶት አየን፤ ጓደኞቹ ሳቁብን።

ጋሼ ግን ከአግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡን።