ከሊጡ እርሾ እስከ ስንዴው ዋግ

አንባቢ ሆይ፤ ሊጡን የሚያቦካው እርሾ፣ በክረምት ከኩይሳ አጠገብ ብቅ የሚለው እንጉዳይ፣ ባደረ እንጀራ ላይ የሚታየው ሻጋታና ስንዴውን የሚያጠፋው ዋግ ዘመዳሞች ናቸው ቢሉህ ታምናለህን? ነገሩ ግን እውነት ነው። ሁሉም ሊቃውንት ፈንገስ ብለው ከሚጠሩት ወገን ናቸው።

ፈንገስ ዕፅም እንስሳም አይደለም። አረንጓዴ ቅጠል ስለሌለው በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሊያዘጋጅ አይችልም፤ አፍና ሆድም የለውም። ታዲያ እንዴት ይኖራል ያልህ እንደ ሆነ፣ የሚያሟሟ ፈሳሽ ወደ ውጭ አውጥቶ ምግቡን ባለበት ያሟሟዋል፤ ከዚያም ይመጠዋል። በዓይናችን የምናየው እንጉዳይ እንደ ፍሬ ያለ ነው፤ ዋናው አካል በአፈር ወይም በእንጨት ውስጥ እንደ ድር የተዘረጋው ቀጭን ክር ነው። እስከ ዛሬ ስም የወጣላቸው ዓይነቶች ወደ 150 ሺህ ይደርሳሉ፤ ገና ያልታወቁት ግን ከዚህ እጅግ እንደሚበዙ ይገመታል።

ጥቅሙ ብዙ ነው። የወደቀ ግንድ በስብሶ ወደ አፈር የሚመለሰው ይልቁንም በፈንገስ ሥራ ነው። አብዛኞቹ ዕፀዋትም ከሥሮቻቸው ጋር የተጣመረ ፈንገስ አላቸው፤ እርሱ ፎስፎርና ውኃ ያቀብላቸዋል፣ እነርሱም በለውጡ ስኳር ይሰጡታል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. በለንደን ፔኒሲሊንን ያገኘው ከሻጋታ ነው።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ የኢትዮጵያን ስንዴ ክፉኛ መታ። ገበሬው ቢጫውን ዋግ የሚቋቋመውን «ዲገሉ» የተባለውን ዘር በብዛት ዘራ፤ ነገር ግን በ2013 እ.ኤ.አ. አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ተነሥቶ ዲገሉን በባሌ አወደመው። የዋግ ዱቄት በነፋስ ከአገር ወደ አገር ስለሚጓዝ ድንበር አያግደውም። ስለዚህም በአንድ ዘር ብቻ መታመን አደጋ ነው፤ ተመራማሪዎችም አዲስ ዘር ከማውጣት ሊያርፉ አይችሉም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ የማታውቀውን እንጉዳይ አትብላ። የሻገተ ለውዝም ጣል፤ መርዙ በማብሰል አይለቅምና። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስትወርድም በስንዴው ቅጠል ወይም አገዳ ላይ ዝገት የመሰለ ዱቄት ብታይ፣ ሳትውል ሳታድር ለአካባቢው የግብርና ሠራተኛ ንገር። ገና ሲጀምር ከተደረሰበት መድኃኒት ይረጭበታል፤ እርሻውን ካዳረሰ በኋላ ግን የሚተርፈው ገለባ ነው።