የአንበሳው ቤት ለእባብ ለምን አይበቃም?

የጎንደርን የፋሲል ግቢ የጎበኘ ሰው ከአብያተ መንግሥቱ ሌላ በጥንት ዘመን አንበሶች ይጠበቁበት የነበረውን ቤት ሳያይ አይመለስም። አንበሳን በዚያ ለማኖር በዋናነት የሚያስፈልገው ጠንካራ ግንብ፣ ውሃና በቂ ሥጋ ነው፤ አንበሳ የበላውን ወደ ሙቀት እየለወጠ ሰውነቱን በራሱ ያሞቃልና። በዚያው ቤት ዘንዶ ቢቀመጥስ? ግንቡ እንዳያመልጥ ያግደው ይሆናል፤ በሕይወት ለማቆየት ግን አይበቃም። ምክንያቱን በፊዚክስ ዓይን እንመልከት።

በተለምዶ እባብን «ደመ ቀዝቃዛ» እንለዋለን። ስያሜው ግን በጥቂቱ ያሳስታል፤ ፀሐይ ሲሞቅ የቆየ እባብ ደሙ ከእኛ ደም የማይተናነስ ሙቀት ሊኖረው ይችላል። ልዩነቱ ሙቀቱን ከውጭ የሚያገኝ መሆኑ ነው። የምግብ መፈጨት፣ እንቅስቃሴና በሽታን የመከላከል ኃይል ሁሉ በዚህ ሙቀት ላይ ይመሠረታሉ። አይጥ የዋጠ እባብ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ምግቡ ሳይፈጭ በሆዱ ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል። ከመጠን በላይ ቢሞቅ ደግሞ በላብ ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም።

ታዲያ ትክክለኛው የሙቀት መጠን ስንት ነው? መልሱ አንድ ቁጥር አይደለም። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የሚኖረውን፣ ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለለውንና በብዙ አገሮች በቤት የሚያድገውን ትንሽ ዘንዶ እንውሰድ። የሣጥኑ አንድ ጫፍ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ሌላው ጫፍ ደግሞ 26 ዲግሪ ገደማ እንዲሆን ይመከራል። እባቡ በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ የሚስማማውን ይመርጣል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1977 ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቦህመ ለሳይንስ ያስተዋወቀውና በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የደጋ እፉኝት ለብ ያለ አየር የለመደ ስለሆነ ለዘንዶው የተዘጋጀ ሙቀት ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ አስቀድመን የምንጠይቀው «ይህ እባብ የመጣው ከየት ነው?» ብለን ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ደባርቅና የስሜን ተራሮች ደግሞ ከዚያም ይልቃሉ። በበጋ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። አንድ ሣጥን የሚያጣው ሙቀት በውስጡና በውጭው መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ጋር በግምት ተመጣጣኝ ነው። ክፍሉ ቀን 24 ዲግሪ ሲሆን ሣጥኑን በ32 ዲግሪ ለማቆየት 30 ዋት ይበቃል እንበል። ሌሊት ክፍሉ ወደ 12 ዲግሪ ሲወርድ ልዩነቱ ከ8 ወደ 20 ያድጋልና 75 ዋት ያስፈልጋል። ለቀን የተመረጠ አምፖል ሌሊት እባቡን ያበርዳል፤ ለሌሊት የተመረጠው ቀን ያቃጥለዋል። የሙቀት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የግድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። አምፖሉም በሽቦ ወንፊት ይከለል፤ እባብ እየተቃጠለም ከሚግል ነገር ላይ ቶሎ ላይነሣ ይችላልና።

ሙቀት ሲስተካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እርጥበት ነው። የውሃ ተን ሳይጨመር 15 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለውን አየር ወደ 30 ዲግሪ ብናሞቀው እርጥበቱ ወደ 24 በመቶ ይወርዳል። አየሩ ያለው ተን አልቀነሰም፤ ሊይዝ የሚችለው ግን ጨምሯል። በእንዲህ ያለ ደረቅ አየር እባብ ቆዳውን ሲቀይር አሮጌው ተቆራርጦ በገላው ላይ ይቀራል። መፍትሔው ሰፊ የውሃ ሳሕንና እርጥብ ጨርቅ የተነጠፈበት መደበቂያ ማዘጋጀት እንጂ የአየር ማስገቢያውን መድፈን አይደለም።

መብራት ቢጠፋስ? እዚህ ላይ የውሃ ሙቀት የመያዝ ችሎታ ይረዳናል። በጀሪካን የተቀመጠ 10 ሊትር ውሃ ከ35 ወደ 25 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 418 ኪሎ ጁል ያህል ይለቃል። ይህም 20 ዋት ማሞቂያ ለስድስት ሰዓት ገደማ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር እኩል ነው። ሣጥኑን በብርድ ልብስ መሸፈን ደግሞ የሚባክነውን ሙቀት ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ወጣቶች ወደ ገደል ወርደው እባብ እንዲይዙ መገፋፋታችን አይደለም። በሀገራችን የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማቆየት ክልክል ነው፤ መርዛም እባብ ደግሞ በማንም ቤት ሊቀመጥ አይገባውም። ትምህርቱን ግን ያለ እባብም መቅሰም ይቻላል። አንድ ካርቶን፣ አንድ አነስተኛ አምፖልና ሁለት ቴርሞሜትር አዘጋጁ። አምፖሉን ከካርቶኑ አርቃችሁ በአንድ ጫፍ ስቀሉ፤ በሁለቱም ጫፍ ያለውን ሙቀት ቀንና ሌሊት በየሰዓቱ እየመዘገባችሁ ግራፍ ሥሩ፤ አምፖሉንም ሳትጠብቁት አትተዉ። ከግራፉ ላይ ሌሊት የሚወርደውን መስመር ስታዩ፣ አንድን ፍጥረት በሣጥን የዘጋ ሰው ፀሐዩንም፣ ጥላውንም፣ ዝናቡንም ሊተካለት ኃላፊነት እንደገባ ትረዳላችሁ።