ከጎዳና ወደ ባሕር ማዶ፦ ባለቤት አልባ ውሾች አሳዳጊ ቤት እስኪያገኙ የሚያልፉበት ረጅም መንገድ

በአውሮፓውያኑ 2014 በኢኳዶር በተካሄደ የቡድን የጽናት ውድድር ላይ የተሳተፈው ስዊድናዊ ሚካኤል ሊንድኖርድ፣ መንገድ ላይ ላገኘው አንድ የቆሰለ ውሻ ከምግቡ ቆርሶ ሰጠው። "ውሻ በበላበት ይጮኻል" እንዲሉ፣ ውሻው ከዚያች ቅጽበት አንስቶ ከቡድኑ አልተለየም። ጭቃውን እየረገጠ፣ ወንዙን እየዋኘ እስከ ፍጻሜው ተከተላቸው። ሊንድኖርድ አርተር ብሎ ሰየመውና ወደ ስዊድን ይዞት ሄደ። ታሪኩ መጽሐፍ ሆነ፤ በ2024 ደግሞ ማርክ ዋልበርግ የተወነበት ፊልም ወጣለት።

የዚህ ዓይነት ታሪክ የሰሙ ሰዎች በየከተማው የሚያዩትን ባለቤት አልባ ውሻ ወደ ውጭ ልኮ ማዳን ቀላል ሊመስላቸው ይችላል። አውሮፕላኑ ግን የመንገዱ አጭሩ ክፍል ነው። ረጅሙ የሚያልፈው በክትባት፣ በደም ምርመራና በመጠበቅ ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የመጣው ደግሞ በዋነኝነት በአንድ ምክንያት ነው፤ በእብድ ውሻ በሽታ።

በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59 ሺህ ገደማ ሰዎችን እንደሚገድል ይገምታል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የአፍሪካና የእስያ ነዋሪዎች ናቸው። በሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥም 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ቫይረሱ ውሻው ከተነከሰ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጭራውን እየቆላ የሚታይ ውሻ ጤነኛ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ አንድ የአውሮፓ ኅብረት አገር የሚሄድ ውሻን እንውሰድ። በመጀመሪያ መለያ ቁጥር የያዘ ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር ይቀበርለታል፤ ክትባቱ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ክትባቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ቡችላው ለመከተብ ቢያንስ 12 ሳምንት ሊሞላው ይገባል። ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ ደሙ ተወስዶ ኅብረቱ እውቅና ወደሰጠው ቤተ ሙከራ ይላካል። እዚያም የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መድረሱ ይረጋገጣል። ውጤቱ ቢያምርም ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ ግዴታ ነው። ሲደመር፣ ከጎዳና የተነሳ ቡችላ ሰባት ወር ገደማ ሳይሞላው አይበርም።

እነዚያን ወራት የት ይቆያል? የነፍስ አድን ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። መጠለያዎች ጠባብ ናቸው፤ ጊዜያዊ አሳዳጊ የሚሆን ቤተሰብ ማግኘት ከባድ ነው። ውሻው በመጠባበቂያው ጊዜ እንደገና ጎዳና ላይ ከዋለና ከሌሎች ጋር ከተናከሰ ደግሞ ወራቱን መጠበቁ ትርጉም ያጣል።

ወደ አሜሪካ የሚወስደው መንገድ ከነሐሴ 2024 ወዲህ ጠብቋል። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ሶማሊያን፣ ሱዳንንና ኬንያን ጨምሮ በርካታ አገሮችን ለእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው ብሎ መዝግቧቸዋል። ከእነዚህ አገሮች የሚመጣ፣ ክትባቱን ከአሜሪካ ውጭ የወሰደ ውሻ ስድስት ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ ያለው መሆን ይኖርበታል። የክትባት ሰነዱን የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ማረጋገጥ አለበት። መግባት የሚችለውም አስቀድሞ ቦታ ተይዞለት በተፈቀዱ ስድስት አውሮፕላን ማረፊያዎች ብቻ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚበርበት የዋሽንግተን ደለስ አንዱ ነው። ብቁ የደም ምርመራ ውጤት ያልያዘ ውሻ በተመዘገበ ማቆያ 28 ቀን ይቆያል፤ ወጪውንም ያስመጪው ይሸፍናል።

ደንቡ ያለ ምክንያት አልጠበቀም። በ2019 አንድ የነፍስ አድን ቡድን ከግብፅ 26 ውሾችን ወደ ካንሳስ ግዛት አስገባ። ከሳምንታት በኋላ ከመካከላቸው አንዱ በእብድ ውሻ በሽታ መያዙ ታወቀ፤ ንክኪ የነበራቸው ከ40 በላይ ሰዎችም የመከላከያ ክትባት መውሰድ ግድ ሆነባቸው። በ2021 ደግሞ ከአዘርባጃን ከመጡ 33 ውሾች አንዱ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ታመመ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች የሚገቡ ውሾችን ለጊዜው አገደች። ካናዳም ከመስከረም 2022 ጀምሮ ከእንዲህ ዓይነት አገሮች ለማደጎ የሚመጡትን ጭምር ከልክላለች።

ብዙ አዳኞችን የሚያስቆጣ ሌላ ነጥብ አለ። በአውሮፓ ኅብረትና በብሪታንያ ሕግ፣ ለአዲስ ባለቤት ሊሰጥ የሚጓዝ ውሻ እንደ ንግድ ዕቃ ይታያል። ሕጉ የሚመለከተው ውሻው እጅ መለወጡን እንጂ የላኪውን ርኅራኄ አይደለም። ውሻውን የራሱ አስመስሎ በትኬቱ የሚያስመዘግብ ደግ መንገደኛም ሳያውቀው ሕግ ሊጥስ ይችላል።

ሰነዱ ተሟልቶ የገባ ውሻም ቢሆን ከችግር ነጻ ነው ማለት አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ ከ2020 ወዲህ ብሩሴላ ካኒስ የተባለ፣ ወደ ሰው ሊተላለፍና ከውሻው ጨርሶ ለማጥፋት የሚያስቸግር ባክቴሪያ በብዛት መታየት ጀምሯል። ከተገኘባቸው ውሾች ብዙዎቹ ከሩማንያ የመጡ ናቸው። ሩማንያ በ2013 ቡካሬስት ውስጥ ውሾች አንድ የአራት ዓመት ሕፃን ከገደሉ በኋላ፣ ተይዘው በ14 የሥራ ቀን ባለቤት ያልተገኘላቸው ውሾች እንዲገደሉ የሚፈቅድ ሕግ አጽድቃለች። ከዚያ ሞት ለማስመለጥ የሚጥሩ ሰዎችም ብዙ ሺህ ውሾችን ወደ ምዕራብ አውሮፓ ልከዋል።

ከጤናው ሌላ የጠባይ ጉዳይ አለ። ቀን ጥላ ሥር ተኝቶ፣ ሌሊት ሰፈሩን እየዞረ ያደገ ውሻ ማሰሪያ፣ አሳንሰርና የተዘጋ በር ያስደነግጡታል። አንዳንዱ በሳምንታት ይለምዳል፤ ዕድሜ ልኩን የማይለምድም አለ።

ከሰው ጋር የሚነጻጸርበት ጊዜ ደግሞ ክርክሩ ይከርራል። በነሐሴ 2021 ታሊባን ካቡልን ሲቆጣጠር፣ የቀድሞው የብሪታንያ ወታደር ፔን ፋርቲንግ በልገሳ በተከራየ አውሮፕላን ከ150 በላይ ውሾችና ድመቶችን ይዞ ወጣ። አፍጋናውያን ሠራተኞቹ ግን ያን ዕለት መውጣት አልቻሉም፤ ድንበር ተሻግረው ፓኪስታን የገቡት በኋላ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሰው በሚረጋገጥበት ሳምንት የሆነ በመሆኑ ቁጣው እስካሁን አልበረደም።

አንዱን ውሻ ባሕር ማሻገር ለዚያ ውሻ ሁሉንም ነገር ይለውጣል፤ ለጎዳናው ግን የሚለውጠው ነገር ኢምንት ነው። ምግብና ቆሻሻ እስካለ ድረስ ክፍቱን ቦታ ሌላ ቡችላ ይሞላዋል። በመርዝ መግደልም ችግሩን አልፈታም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶ ያህሉን መከተብ ነው፤ ማምከን ሲታከልበት ቁጥራቸውም በሂደት ይቀንሳል። ሆኖም ለጋሽ ብሩን የሚመዘው ስምና ፎቶ ላለው ውሻ ነው። ለ70 በመቶ ማን ያለቅሳል?

ባሌ ተራሮች ላይ ግን ይህ ስሌት በተግባር ይታያል። በ2003 እና 2004 ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በተጠቁት መንጋዎች ውስጥ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ፈጅቷል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ የጥበቃ ባለሙያዎች በየዓመቱ መንደር ለመንደር እየዞሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የገበሬ ውሾችን ይከትባሉ። የተከተቡት ውሾች የትም አይሄዱም። እዚያው ከብት ይጠብቃሉ፤ ባለቤቶቻቸውና ልጆቻቸውም ከበሽታው ይጠበቃሉ።

ከውጭ ውሻ ለመቀበል ያሰበ ሰው ላኪውን የሚጠይቀው ብዙ ነው። የማይክሮቺፑ ቁጥር በክትባት ሰነዱና በደም ውጤቱ ላይ አንድ ነው? የመጠባበቂያውን ወራት ውሻው የት፣ ከማን ጋር አሳለፈ? ቤቱን ሳይላመድ ቢቀር መልሶ የሚረከበው ማን ነው? እናቱስ የት ናት፤ ተከትባለች?