«ፋይናል ፋንታሲ»ን ከስንተኛው ቁጥር እንጀምር?



በጎንደር ከተማ በፒያሳም ሆነ በአዲስ ዓለም፣ እንዲሁም ወደ ደጋው ወጣ ብሎ በዳባትና በደባርቅ፣ የፕሌይስቴሽን ቤት በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ለተመለከተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ጨዋታ አንድ ነው፤ እግር ኳስ። ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ይጫወታሉ፣ ሌሎች ከኋላ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ፣ ጨዋታው ሲያልቅ የተሸነፈው ሒሳብ ይከፍላል። («የተሸነፈ ይከፍላል» የሚለው ልማድ ከቁማር ጋር ያለው ዝምድና ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ዛሬ አንገባበትም።) እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሃያና ሠላሳ ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ ያለው ጌም መጫወት አይታሰብም። ሒሳቡ በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፤ ዛሬ ያቆሙበትንም ነገ ሌላው ደምስሶት ሊገኝ ይችላል።

በመሆኑም «አርፒጂ» የሚባለው ዓይነት ጌም፣ ይኸውም ተጫዋቹ የአንድን ባለታሪክ ሚና ይዞ እያነበበ፣ እየመረጠና ተራ እየጠበቀ እየተዋጋ ረጅም ታሪክ የሚከተልበት፣ ለአካባቢያችን ወጣት በጣም የሚቀርበው በእጅ ስልኩ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ጌም በዓለም ላይ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ የጃፓኑ «ፋይናል ፋንታሲ» ነው። ሂሮኖቡ ሳካጉቺ የተባለው ባለሙያ ስኩዌር በተባለው ኩባንያ ውስጥ ሆኖ የመጀመሪያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1987 ሲሆን፣ 16ኛው ደግሞ በ2023 ወጥቷል። ታዲያ አዲስ ገቢ የሆነ ወጣት ይህን ሁሉ ቁጥር ሲያይ «ከአንድ ካልጀመርኩ ታሪኩ አይገባኝም» ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም።

ሥጋቱ ግን መሠረት የለውም። የዚህ ተከታታይ ቁጥሮች እንደ ተከታታይ ድራማ ክፍሎች አይደሉም። እያንዳንዱ ዋና ቁጥር የራሱ አገር፣ የራሱ ሰዎችና የራሱ መጨረሻ አለው። የሚደጋገሙት አንዳንድ ስሞች፣ አስማቶችና እንስሳት ብቻ ናቸው። ቀጣይ ታሪክ ያላቸው ቁጥራቸው ላይ ሌላ ነገር የተቀጠለባቸው ናቸው፤ ለምሳሌ የ10ኛው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2003 «10-2» በሚል ቀጥሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2020ና በ2024 የወጡት የ7ኛው አዲስ ዝግጅቶችም አንዱ ሌላውን ተከትለው የሚነበቡ ናቸው።

እንዲያውም ቁጥሩ ራሱ ለረጅም ጊዜ ሰው ያሳስት ነበር። 2ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው በወቅቱ በእንግሊዝኛ ስላልወጡ፣ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1991 4ኛውን «2» ብለው፣ በ1994 ደግሞ 6ኛውን «3» ብለው ሸጡት። የጃፓንና የአሜሪካ ቁጥር የተስተካከለው በ1997 7ኛው ሲወጣ ነው። ያንን ሁሉ ጊዜ ሕዝቡ ሳይቸገር መጫወቱ፣ ከየትኛውም መጀመር እንደሚቻል ከማንም በላይ ይመሰክራል።

ወደ እኛ ቤት እንመለስ። አንድ ሙስሊም ቤተሰብ «ከየት እንጀምር?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመለከተው የሥዕሉን ውበት ብቻ አይሆንም። በደባርቅና በዳባት ከገጠር ስንቅ ይዘው መጥተው ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ብዙ ልጆች አሉ። እናት አባታቸው አጠገባቸው አይደሉም፤ ማታ የሚያጫውታቸው ስልካቸው ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ ጌሙ ኢንተርኔት ይፈልግ እንደሆነ፣ አዛን ሲሰማ ወዲያው ሊያቆመው ይችል እንደሆነ፣ በውስጡስ ምን እንደሚታይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከኢንተርኔቱ እንነሣ። 11ኛውና 14ኛው ቁጥሮች ከብዙ ሰዎች ጋር በኢንተርኔት ብቻ የሚጫወቱባቸው ናቸው፤ በዋናነትም ወርሃዊ ክፍያ ይጠይቃሉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱን የሚያስታውስ ሰው እነዚህን ሁለቱን ወዲያው ቢተዋቸው ይሻለዋል። ከ1ኛው እስከ 6ኛው ያሉት ግን እ.ኤ.አ. በ2021ና በ2022 «ፒክስል ሪማስተር» በሚል ስም ለስልክና ለኮምፒውተር ተስተካክለው ወጥተዋል። አንዴ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ያሉበትን በየመንገዱ መመዝገብ፣ ማለትም «ሴቭ» ማድረግ ይቻላል። የእግር ኳሱ ተጫዋች «ይሄን ብቻ ልጨርስ» እያለ ሶላቱን ወደ ወቅቱ ማብቂያ ሲገፋ፣ የዚህኛው ተጫዋች ምክንያት የለውም።

ሌላው መልካም ነገር፣ በእነዚህ ስድስቱ ውስጥ ሰዎቹ የሚናገሩት በጽሑፍ ነው። የስልኩን ድምፅ ዘግቶ የተጫወተ ሰው ከታሪኩ አንዲት ቃል አይጎድልበትም። ከሙዚቃ ለሚጠነቀቅ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጽሑፉ እንግሊዝኛ መሆኑም ለ9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ላሉ፣ ትምህርታቸውን በዚያው ቋንቋ ለሚከታተሉ ልጆች ጥቅም አለው። መዝገበ ቃላት አጠገቡ አድርጎ ማንበብ ነው።

ከስድስቱ የትኛው? የእኛ ምርጫ 4ኛው ነው። የመጀመሪያው አጭርና ቀላል ቢሆንም ጀግኖቹ ስምም ጠባይም የሌላቸው አራት ተዋጊዎች ናቸው፤ ለታሪክ የመጣ ልጅ ይሰለቻል። 4ኛው (1991) ግን ሰው አለው። ሴሲል ባሮን በተባለ መንግሥት የጦር አለቃ ነው። ንጉሡ ባዘዘው መሠረት ምንም ያልበደሉ ሰዎችን ወግቶ ንብረታቸውን ሲዘርፍ እናገኘዋለን። ልቡ እየከበደው ሳለ ሁለተኛ ትእዛዝ ይመጣል፤ አንድ ዕቃ ወደ ሩቅ መንደር እንዲያደርስ። ዕቃው መንደሪቱን የሚያቃጥል ሆኖ ተገኘ። ከእሳቱ የተረፈችውን ሪዲያ የተባለች ሕፃን ይዞ፣ የምትጠላውን ሕፃን እየጠበቀ፣ ከንጉሡ ይለያል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ሴሲል መጀመሪያ ወደዘረፈው ከተማ ብቻውን ይደርሳል። ከተሜው አይቀበለውም፤ ይሰድበዋል። ሽማግሌው ጥፋቱን ከልቡ መተው ከፈለገ የፈተናውን ተራራ ይውጣ ይለዋል። ከዚያችው ከተማ ሁለት መንታ ሕፃናት እንዲከታተሉት ይላኩበታል። ሊማሊሞን በእግሩ የወጣ አንባቢ የዚያን ተራራ ዳገት ትንሽ ያውቀዋል። ጫፉ ላይ የሚጠብቀው ጠላት የገዛ የቀድሞ ማንነቱ ነው፤ የሚያሸንፈውም መልሶ ሳይመታ በትዕግሥት ሲቆም ብቻ ነው። ጣቱ መምታት የለመደ ልጅ እዚህ ላይ ደጋግሞ ይወድቃል። ስለ ተውበት በመድረሳ የተማረ ልጅ ከአባቱ ጋር የሚወያይበት ነገር ያገኛል ብለን እናምናለን፤ የበደለ ሰው ይቅርታ ከመጠየቁ በላይ የበደላቸው ሰዎች ፊት መቆም እንዳለበት ታሪኩ አይሸሽግም።

ይህ ማለት ግን ነውር የለበትም ማለት አይደለም። አስማት የውጊያው ዋና ክፍል ነው። ሪዲያ የምትጠራቸው ኃይለኛ ፍጡራን ከየአገሩ እምነትና ተረት የተለቀሙ ናቸው፤ ሺቫ ከሕንድ፣ ኦዲን ከሰሜን አውሮፓ። «ኢፍሪት» የሚለው ስም ደግሞ ዐረብኛ ሲሆን፣ በሱረቱ-ነምል የሰበእን ንግሥት ዙፋን ለነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ለማምጣት ቃል የገባው የጂን ወገን የሚጠራበት ነው። በጌሙ ውስጥ እሳት የሚተፋ አውሬ ሆኗል። «ባሐሙት»ም በዐረብ የጥንት ጸሐፍት ዘንድ ምድርን የተሸከመ ዓሣ ነበር፤ በጌሙ ውስጥ ዘንዶ ሆኗል። ሲሕር በእምነታችን ያለውን ቦታ የማያውቅ ትንሽ ልጅ ይህን ብቻውን ባያይ ይመረጣል። ዐሥራ አምስትና ከዚያ በላይ የሆነው ግን ስሞቹ ከየት እንደመጡ ከተነገረው ይለያቸዋል። በአንዳንዱ ከተማም መጠጥ ቤትና ዳንሰኛ አለ፤ ሥዕሉ ደቃቅ ቢሆንም ወላጅ ይወቀው። ይህን ጭራሽ አልፈልግም የሚል ቤተሰብ ቢኖር መብቱ ነው፤ አንከራከረውም።

በስልክ ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት 4ኛ ቁጥር እንዳለ ልብ በሉ። አንደኛው የ«ፒክስል ሪማስተር» ሲሆን፣ ሌላው በ«ሥሪ ዲ» የተሠራ ነው። ሁለተኛው ድምፅ ያለው፣ ለጀማሪም የሚከብድ ስለሆነ የመጀመሪያውን ያዙ። በውጊያ ጊዜም «ዌይት» የሚለውን ብትመርጡ፣ አስማት ወይም መድኃኒት ከዝርዝር ስትመርጡ ጊዜው ይቆምላችኋል።

ስለ ክፍያው ደግሞ፣ ዋጋው በዶላር ስለሆነና በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ጥቂት ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ወደ ሞባይል ቤት ሄዶ «ጫንልኝ» ይላል። የእስላማዊ ጉባኤ ድርጅት ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ስብሰባ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ ንብረት ነው ሲል ወስኗል። ከባሕር ማዶ ለዒድ የሚመጣ ዘመድ ካለ በራሱ ካርድ እንዲከፍልላችሁ ብትጠይቁት አያፍርባችሁም፤ የሚከፈለውም አንድ ጊዜ ነው።

4ኛውን የጨረሰና የወደደ ወደ 6ኛው (1994) ይሂድ። ባለታሪኮቹ 14 ናቸው፣ ዓለሙም መሀል ላይ ይፈርሳል፤ ብዙዎች ከሁሉ የሚያስበልጡት እርሱን ነው። ከታሪክ ይልቅ ስሌት የሚወድ፣ የሒሳብ ተማሪ የሆነ ወንድም ወይም እህት፣ ሙያ እየለዋወጡ የሚዋጉበትን 5ኛውን (1992) ይሞክር። በጣም ዝነኛው 7ኛው (1997) በውስጡ የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ስላለው ለልጆች አይሆንም። 10ኛው (2001) ሕዝብ የሚከተለው ሃይማኖት ማታለያ ሆኖ የሚገኝበት ታሪክ ነው፤ ከትልቅ ሰው ጋር እየተወያዩ እንጂ ለብቻ ባይጀመር እንመርጣለን። 16ኛው (2023) ግን ደምና እርቃን ያለበት ሲሆን፣ በአውሮፓ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ የተመደበ ነው፤ ቤት ውስጥ አይግባ።