ቲማቲም በጀሪካን፣ በደነባ ታዛ ሥር

በኢትዮጵያ ቲማቲም በብዛት የሚመረተው በመቂና በዝዋይ፣ በአዋሽ ዳርቻ፣ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲመጣ ደግሞ በሸዋ ሮቢት መስኖ ነው። መቂ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ ደነባ ግን ከ2,600 ሜትር በላይ ናት። አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ደነባ ከሸዋ ሮቢት ስምንት ዲግሪ ግድም ትበርዳለች ማለት ነው። ምስርና ስንዴ፣ ባቄላና ጤፍ ከደጁ የሚያፍሰው የአካባቢው ሰው ቲማቲምን የሚጠብቀው ከመኪና ላይ ነው፤ ያውም መንገዱን እንዲችል ሳይቀላ የተለቀመውን። በዐቢይ ጾም፣ ስልሱም ሰላጣውም ቲማቲም በሚጠይቅበት ወቅት፣ መኪናው ከዘገየ ዋጋው ይወጣል። አዲስ አበባ ውስጥ በጀሪካን፣ በባልዲና በማዳበሪያ ከረጢት አትክልት ስለማብቀል ሲወራ የሚቀርበው ምክንያት የቦታ ጥበት ነው፤ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ሌላ ምርጫ አይሰጥም። በደነባ ለዚህ ዘዴ የሚቀርበው ምክንያት ሌላ ነው፤ በእኔ እምነት የበለጠም ያሳምናል። ሰፊ ጓሮ ያለው ሰው እንኳ ቲማቲሙን በዕቃ ቢያበቅል ይሻለዋል፤ ምክንያቱም የደነባ መሬትም የደነባ ሌሊትም ለቲማቲም ጠላት ናቸው፣ ከሁለቱም ሊሸሽ የሚችለው ደግሞ የሚነሣ ዕቃ ብቻ ነው።

ከመሬቱ እንጀምር። የደነባ ሜዳ ጥቁር አፈር፣ መረሬ ነው። ለምነቱ የማይካድ ቢሆንም በውስጡ ያለው ሸክላማ ደቃቅ ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ቀዳዳውን ሁሉ ይዘጋል፣ ዝናቡም ማሳው ላይ ይተኛል፤ በጋ ላይ ተኮማትሮ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሥር እንደ ቅጠል ሁሉ አየር ይተነፍሳል። የቲማቲም ሥር ውኃ በተኛበት አፈር ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ያየ ሰው ውኃ የጠማው መስሎት ይጨምርበታል። በበጋ ስንጥቁ ሥሩን ይበጥሰዋል። ይህን ችግር የአካባቢው ገበሬ ከማንም በፊት ያውቀዋል። በጎረቤት ሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ ዙሪያ፣ ገበሬው ከነቤተሰቡ አፈሩን በእጅ እያፈሰ ሰፊ መደብ ይሠራል፤ ዘሩ መደቡ ላይ ይውላል፣ ውኃው በቦዩ ይሄዳል። ተመራማሪዎች በጥቁር አፈር ላይ የሚሠራ፣ በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ መሣሪያ ለማስፋፋት ሲነሡ ይህን የገበሬ ዘዴ አጥንተዋል። ከታች የተበሳ ጀሪካንም የሚሠራው ያንኑ ነው፦ ሥሩን ከተኛ ውኃ በላይ ያወጣዋል። ስለዚህ በዕቃ ማብቀል ከከተማ የመጣ ፋሽን ነው ለሚል ሰው መልሱ ቅርብ ነው፤ ሐሳቡ ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም።

የሌሊቱ ጉዳይ ደግሞ ይከብዳል። ቲማቲም ቀን ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሲያገኝ ይመቸዋል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ የአበባው ብናኝ በደንብ ስለማይሠራ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል፤ ውርጭ ሲመጣ ተክሉ ራሱ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ውርጭ ይወርዳል። ይህ ውርጭ እንዴት እንደሚመጣ ማወቅ መፍትሔውንም ያሳያል። ቀን የሞቀው መሬትና ቅጠል፣ ደመና በሌለበት ሌሊት ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ይለቃሉ፤ የቀዘቀዘው አየር ይከብድና በዝቅተኛው ቦታ ይከማቻል። ታዛ ሥር ያለ ተክል ግን ከላዩ የሚያየው ጣራውን ነው፤ ሙቀቱ ወደ ሰማይ አይሸሽበትም፣ ከኋላው ያለው ግድግዳም ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይመልስለታል። ከግድግዳዎቹ ወደ ምዕራብ የሚያየው ይመረጣል፤ የከሰዓቱን ፀሐይ እስከ ማታ ይቀበላል፣ በበጋ ከምሥራቅ የሚነፍሰውን ደረቅ ነፋስም ይከልላል። በረዶ ሊጥል ሲያጉረመርም ወይም ሌሊቱ ሲያሰጋ ዕቃው ወደ ውስጥ ይገባል። ጓሮ ላይ የተተከለ ችግኝ ይህን ዕድል አያገኝም።

ታዛው ሌላም ጥቅም አለው። ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይወዳል፤ በደጋው ድንች ላይ የሚታወቀው ይኸው በሽታ ነው፣ ድንችና ቲማቲም ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በሽታው ቅጠል ላይ የሚበቅለው ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው። ዝናብ የማይነካው፣ ውኃ ከሥሩ ብቻ የሚጠጣ፣ ከድንች መደብ የራቀ ቲማቲም በብዛት ያመልጣል።

አሠራሩን በተመለከተ ዋናው ነገር የዕቃው ስፋት ነው። ሃያ ሊትር የሚይዝ የዘይት ጀሪካን አንገቱ ተቆርጦ ለአንድ ተክል ይበቃል፤ አምስት ሊትር አይበቃም፣ በበጋ ፀሐይ ከቀትር በፊት ይደርቃል። ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ዕቃ በምንም ምክንያት አይነካ። ከታችና ከጎን ግርጌ ጣት የሚያህል ቀዳዳ በአምስት በስድስት ቦታ ይበሳል። ጥቁር አፈርን ብቻውን መሙላት ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው፤ በዕቃ ውስጥ ሲደርቅ ይጨማደድና ከጎኑ ይላቀቃል፣ የሚጠጣውም ውኃ በስንጥቁ ወርዶ ይፈሳል። አንድ እጅ ጥቁር አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ሲቀላቀል ይስተካከላል፤ ጥቂት የእንጨት አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም ይጨምራል። ከዝርያ፣ ቁመቱ አጭር ሆኖ የሚቆመው ሮማ ቪኤፍ ወይም ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው፣ ፍሬው አነስ ያለው መልካ ሳልሳ ለዕቃ ይስማማሉ። ለግሪን ሀውስ ተብለው የተዳቀሉት ረጃጅሞቹ ለደነባ ታዛ አይሆኑም። ዘሩ ታኅሣሥ መጨረሻ ቤት ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ይፈስሳል፤ ችግኙ ውርጭ ሲያባራ በየካቲት ወደ ጀሪካኑ ይዛወራል፤ አበባው ከዓመቱ ሞቃት ወራት ከመጋቢትና ከሚያዝያ ጋር ይገጥማል፣ ለቀማውም ከባዱ የሐምሌ ዝናብ ሳይደርስ ይጠናቀቃል።

ተቃውሞው ብዙ ነው፣ ጠንካራም አለበት። አንደኛው፣ ለምን ጎመን አይተከልም የሚለው ነው። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች በደነባ መሬት ላይ ይበቅላሉ፤ ጀሪካን አያስፈልጋቸውም፣ ለእነሱ ዕቃ ማባከንም ልክ አይመስለኝም። ዕቃው ለቲማቲም ይቆይ። ሁለተኛው ውኃ ነው። ፍሬ የያዘ ተክል በበጋ ቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ይጠጣል፣ ቧንቧ በሚጠፋበት ሳምንት ይህ ቀላል አይደለም። አትክልትና እህል የታጠበበት ውኃ ሊያገለግል ይችላል፤ በረኪና የነካው ግን አይሆንም። ላዩን በጭድ መሸፈን ትነቱን በብዙ ይቀንሰዋል። ዋናው ውኃው ሳይዛነፍ መሰጠቱ ነው፤ አንድ ቀን ደርቆ በማግስቱ የሚጥለቀለቅ ተክል ካልሲየም ወደ ፍሬው ስለማይደርሰው የፍሬው ግርጌ ጠቁሮ ይበሰብሳል። ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው የፍግ ጉዳይ ነው። እንጨት በጠፋበት ደጋ ፍግ ኩበት ነው፣ ኩበት ደግሞ እሳት ነው፤ ለቲማቲም ስጡ ማለት ከምድጃ ንጠቁ ማለት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ለአንድ ጀሪካን የሚበቃው ሰባት ሊትር ያህል ነው፤ የወጥ ቤት ልጣጭና የጓሮ ቅጠል በስብሶ ቦታውን ሊተካ ይችላል፣ የቀድሞ ዓመት አፈርም ታድሶ ያገለግላል፣ ቲማቲምን በላዩ ደጋግሞ ባይተክሉበት።

አራተኛው ተቃውሞ ምርቱ ትንሽ ነው የሚለው ነው፤ እውነት ነው። በደጋ ብርድ አንድ ተክል ሁለት ኪሎ ቢሰጥ ጥሩ ነው፣ በቆላ ማሳ ከሚገኘውም ጋር አይወዳደርም። ለንግድ አይሆንም፣ ለንግድ የሚመክር ካለም ያሳስታል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ የቤተሰብ ማዕድ በጓሮ ሥራ ሊሟላ እንደሚችል ብዙ ተነግሯል፤ በደነባ ግን ምክሩ እንደ ከፍታው መሆን አለበት። የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች የቲማቲም ችግኝ ሲያድሉ ከየካቲት በፊት ባያድሉ፣ ሲያድሉም ታዛ ሥር በዕቃ እንዲተከል አብረው ቢናገሩ መልካም ነው። ለመጀመር የሚያስብ ቤተሰብም በመጀመሪያው ዓመት ከሁለት ጀሪካን በላይ አያዘጋጅ፤ የትኛው ግድግዳ እንደሚሞቅ በእነዚያ ሁለቱ ይለይ።